ስልኩ የማን ነው?

የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ክፉ ሰው አይደለም። ወረፋው ረጅም ነው፣ መስታወቱም ድምፅ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ጮክ ብሎ «ምንሽን ነው ያመመሽ?» ይላል። ልጅቷ 16 ዓመቷ ነው። ከኋላዋ የቆሙት ሴትዮ የእናቷ የዕድር ጓደኛ ናቸው። «ራሴን» ትላለች። እኔ ጋ ስትደርስ ካርዷ ላይ ራስ ምታት ተብሎ ተጽፏል፤ የመጣችው ግን ሽንት ስትሸና ስለሚያቃጥላት ነው።

ደሴ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የወጣቶች ክፍል ነርስ ነኝ። የታካሚ ምሥጢር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ወሬኛ ሐኪም ነው። እኔ እንዳየሁት ግን ምሥጢር የሚወጣው በአብዛኛው ከምርመራ ክፍል ሳይሆን ከኮሪደር ነው። ስም በሚጠራበት በር፣ ጠረጴዛ ላይ ተገልጦ በተረሳ ካርድ፣ በስልክ።

ስልኩ በተለይ ያስጨንቀኛል። የላብራቶሪ ውጤት ሲዘገይ ካርዱ ላይ ባለው ቁጥር ይደወላል። የልጆቹ ካርድ ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ የአባት ወይም የታላቅ ወንድም ነው። ስለዚህ ገና ሳልመረምር «ይሄ ስልክ የማን ነው? ማን ነው የሚያነሳው?» እላለሁ። ወንድሟ ከሆነ አልደውልም። ራሷ የምትመለስበትን ቀን እንቀጥራለን።

የቀጠሮ ወረቀትም እንደዚያው ነው። ቦርሳ ውስጥ ይገኛል። የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ የሚወስዱ ልጆች ወረቀቱን እኛ ጋ ትተው ቀኑን በበዓል ይይዙታል። በመስቀል ማግስት የተወጋች ልጅ 13 ሳምንቷ የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ይሞላል። ይህን ቤት ውስጥ ማንም አያነብባትም።

የጤና መድህን ደብተር ሌላ ጣጣ አለው። የሚሰጠው ለቤተሰብ ነው፤ የሚቀመጠውም አባት ጋ ነው። የወሊድ መከላከያ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ነፃ ስለሆነ ደብተር አይጠይቅም። ለኢንፌክሽን መድኃኒት ግን ወይ ገንዘብ ወይ ደብተር ያስፈልጋል። «ደብተሩን ለምን ፈለግሽው?» የሚለውን ጥያቄ ፈርታ ሕክምናውን የምትተው ልጅ አለች። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ በቀላል መድኃኒት የሚድን ኢንፌክሽን ቆይቶ ማህፀን ሊጎዳ ይችላልና።

ሕጉ ዝም አላለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 በሙያው ምክንያት ያወቀውን ምሥጢር የሚያወጣ ሰው እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ሐኪምና ነርስን ብቻ ሳይሆን ረዳቶቻቸውንም ይጠቅሳል። ሥልጠና ሲመጣ ግን የምንጠራው እኛ ነን። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ አይጠራም፤ የጥበቃው ሠራተኛም አይጠራም። እኔ ብጠየቅ ከእነሱ እጀምር ነበር።

ለልጆቹ ደግሞ የማልችለውን ቃል አልገባም። ገና ሲቀመጡ እነግራቸዋለሁ፦ «እዚህ የምትነግሪኝ እዚሁ ይቀራል። ራስሽን ለመጉዳት ካሰብሽ ወይም አንቺን የሚጎዳሽ ሰው ካለ ግን ብቻዬን አልይዘውም። ለማን እንደምንነግር አብረን እንወስናለን።» መደፈር ሲሆን ሰዓት እንቆጥራለን፤ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ደፋሪው የቤት ሰው ሊሆን ስለሚችል «ቤተሰብ ይጠራ» ብሎ መቸኮል ልጅቷን መልሶ ለእሱ ማስረከብ ሊሆን ይችላል።

እናቶችን አልወቅስም። ልጃቸውን ይዘው የሚመጡት ተጨንቀው ነው። «ሲስተር፣ እኔ እናቷ ነኝ፤ ምን እንደሆነች ንገሪኝ» ሲሉኝ «እትዬ፣ እሷ ራሷ ብትነግርዎት ይሻላል። ከፈለገች እኔም አብሬያችሁ እቀመጣለሁ» እላለሁ። አንዳንዷ ትቆጣለች። ብዙዎቹ ግን ትንሽ ደጅ ቆይተው ሲመለሱ ልጅየዋ ራሷ ማውራት ትጀምራለች። ሳትገደድ የነገረቻቸውን ደግሞ እናቶች በተሻለ ይሰሙታል።

ይህን የምታነቡ ልጆች፣ ካርድ ስታወጡ «የወጣቶች ክፍል» ብትሉ በቂ ነው፤ ሕመማችሁን መስኮቱ ላይ ለመናገር አትገደዱም። ብቻዬን ልግባ ማለት ትችላላችሁ። ካርዱ ላይ የተጻፈው ስልክ የእናንተ ካልሆነም እንዳይደወልበት ለነርሷ ንገሯት፤ ካርዱ ላይ ትጽፈዋለች።