አንዲት & ምልክት

ዛሬ ግማሽ ቀኔን የበላችው አንዲት ምልክት ናት። &።

ኮዱ የዩኢኤፍአይ (የፈርምዌር መስፈርት ነው) ድራይቨር ነው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው ፈርምዌር ውስጥ ያለ። ፕሮቶኮል (ድራይቨሩ ለሌላ ኮድ የሚያቀርበው የፈንክሽኖች ስብስብ) ስታስመዘግብ የሃንድሉን (ፕሮቶኮሉ የሚመዘገብበት መለያ) አድራሻ ነው የምትሰጠው፣ ስለዚህ & አለ። ስትሰርዝ ግን ራሱን ሃንድሉን። የጻፈው ሰው መስመሩን ኮፒ አድርጎ የፈንክሽኑን ስም ብቻ ቀይሯል፣ ምልክቷ እዚያው ቀርታለች። (የጻፈው ሰው እኔ ነኝ።)

ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም) ጭጭ። ሃንድል በዩኢኤፍአይ ቮይድ ፖይንተር፣ ማለትም የምን ዓይነት ዳታ እንደሆነ የማይናገር አድራሻ ነዋ! የሲ ቋንቋ ደግሞ ቮይድ ፖይንተር በሚጠበቅበት ቦታ የየትኛውንም ዳታ ፖይንተር ዝም ብሎ ይቀበላል፣ የፖይንተር ፖይንተርም ቢሆን። ስረዛው ስህተት መልሷል፣ ማንም አላየውም። ድራይቨሩ ከሜሞሪ ወጣ፣ ፕሮቶኮሉ ግን ተመዝግቦ ቀረ። ቀጥሎ የጠራው ኮድ ባዶ ቤት አንኳኳ።

“ቮይዱን አውጣና ስትራክት አድርገው” አለኝ አጠገቤ የሚሠራው ልጅ፣ የቡና ሲኒውን እንኳ ሳያስቀምጥ። ስትራክት ፕሮግራመሩ ራሱ ስም የሚሰጠው የዳታ ዓይነት ነው፤ ይኼኛው ስም ብቻ ያለው፣ ውስጡ ያልተገለጸ። ሃንድል ወደ እሱ የሚጠቁም ፖይንተር ይሆናል። መጠኑ ያው ነው፣ የሚለወጠው ኮምፓይለሩ የሚያየው ነገር ብቻ። ኢቨንትንም (አንድ ነገር ሲከሰት ማሳወቂያ የሚሆነው፣ እሱም ቮይድ ፖይንተር የነበረ) እንደዚሁ ቀየርኩት።

ኮምፓይለሩ 3 ቦታ ጮኸ። አንዱ የእኔው &። ሁለተኛው ጋ ሃንድል በሚጠበቅበት ኢቨንት ተሰጥቷል። ስንት ጊዜ ሪቪው ያደረግነው ኮድ ነው እኮ! ለካ ሁላችንም ስናነብ የነበረው የተለዋዋጮቹን ስም እንጂ ታይፓቸውን (የዳታ ዓይነታቸውን) አልነበረም።

ሦስተኛው ገና አልገባኝም። ነገ።