የመብራቱ ቢል ከሐኪሙ ቀድሞ ነገረኝ

እማዬ በዕድሜዋ ዕዳ አሳድራ አታውቅም። ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ያለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አለ፤ የ20 ዓመት የውሃና የመብራት ደረሰኝ በላስቲክ ታስሮ ተቀምጦበታል። ስለዚህ በ2017 ጥር ላይ የመብራት ሠራተኞች መጥተው መስመራችንን ሲቆርጡ፣ ተሳስታችኋል ብዬ ልጣላቸው ተነሣሁ። አልተሳሳቱም። የአራት ወር ሳይከፈል ቆይቷል። ብሩን ግን በየወሩ በእጇ ሰጥቻታለሁ። ፍራሿን ሳነሣ አገኘሁት፤ በአሮጌ ነጠላ ጫፍ ቋጥራው፣ ከሁለት የደረቁ ሎሚዎች ጋር።

«ከፍያለሁ እኮ» አለችኝ። አልዋሸችም። ከፍላለች፤ ምናልባት የ2010ን።

ውዝፉን ከፍዬ መስመሩ ከተቀጠለ በኋላ ቢሎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ተቀመጥኩ። ከመስከረም 2017 ወዲህ ታሪፉ በየጊዜው ከፍ እያለ ስለነበር ጥፋቱን ሁሉ ለታሪፉ ሰጥቼ ነበር። ብሩን ትቼ ኪሎዋት ሰዓቱን ሳይ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ታሪፍ ብርን ይጨምራል እንጂ ቆጣሪን አያሮጥም። ቤቱ ውስጥ የተጨመረ ሰው የለም፣ የተገዛ ዕቃ የለም፤ ፍጆታው ግን በስምንት ወር ውስጥ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሌሊቱን ነቅቼ ለማየት የወሰንኩት ያን ቀን ነው።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሻይ አፈላች፤ ማንቆርቆሪያውን አወረደች፤ ስቶቩን ሳታጠፋ ሄዳ ተኛች። ባለ ሽቦ ስቶቭ ራሱን አያጠፋም። 1,500 ዋት የሚስብ ስቶቭ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ሲነድ 13 ተኩል ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ዝቅተኛው የታሪፍ እርከን በወር 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ እማዬ በአራት ሌሊት ትጨርሰዋለች ማለት ነው። እሳት ያልተነሣው በእግዚአብሔር ቸርነት ነው።

ሐኪም ጋ የሄድነው ከዚያ በኋላ ነው። ሰዓት ይሣሉ ተብላ ክቡን አሳምራ ሣለችና ቁጥሮቹን ሁሉ አንድ ጥግ አጨቀቻቸው። ሊታከም የሚችል ሌላ ምክንያት እንዳይኖር የታይሮይድና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ ታዘዘላት፤ ደህና ሆነ። የመርሳት በሽታ ነው ተባልን። የሰፈሩ ሰው «ጃጅተዋል» ይል ነበር፣ አሁንም ይላል። ይህ የአንጎል በሽታ እንጂ ዝም ብሎ እርጅና አይደለም እያልኩ ማስረዳት ከሰለቸኝ ቆየ።

የመጀመሪያው መፍትሔዬ ሞኝነት ነበር። የማድ ቤቱን ብሬከር ማታ ማታ ማጥፋት ጀመርኩ። አንድ ሳምንት ሠራ፤ ቆጣሪው ሲረጋጋ አይቼ ጎበዝ ነኝ አልኩ። በስምንተኛው ሌሊት የተቆላ ቡና ሽታ ቀሰቀሰኝ። ንጋት 11 ሰዓት ይሆናል፤ ውጭ ዝናብ ነው። እማዬ ስቶቩ እንቢ ሲላት የከሰል ምድጃውን መኝታ ክፍሏ አስገብታ፣ ብርድ እንዳይገባ በሩንና መስኮቱን ዘግታ ቡና ትቆላለች። ግንባሯን ይዛ «ራሴን» አለችኝ። ከሰል መትቷት ነበር። ተሸክሜ በረንዳ አወጣኋት። የከሰል መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሉት፣ ሽታ የለውም፤ ያ ቡና ባይሸት ኖሮ አልነቃም ነበር። የቆጠብኩትን ኪሎዋት ሰዓት አስቤ በራሴ አፈርኩ።

ዋናው ነገር የገባኝ ያን ጠዋት ነው፦ አንዱን ስዘጋባት ፍላጎቷ አብሮ አይዘጋም፤ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፣ ብዙ ጊዜ የባሰውን። ንጋት ላይ የምትፈልገው ስቶቭ አይደለም፤ ቡና ነው። አሁን ማታ በፔርሙዝ ቡና ሞልቼ ከአልጋዋ አጠገብ ከአንድ ሲኒ ጋር አስቀምጣለሁ። ትነቃለች፣ ትጠጣለች፣ መልሳ ትተኛለች። ከሰሉ የሚቆለፍ ቦታ ገባ። ቡና መቁላቱ ደግሞ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ በረንዳ፣ ከባለቤቴ ጋር ሆነ። የብሬከሩን ነገርም አልተውኩትም፤ ግን ስቶቩን ለብቻው በአንድ ብሬከር አስደረግሁት፣ ማድ ቤቱ ውስጥ መብራት እንዳይጠፋባት።

ምክንያቱም የመብራቱ ነገር ሌላ ጉድ ነው። ከቀኑ 11 ተኩል ሲሆን እረፍት ታጣለች። ሐኪሙ ብዙ ሕመምተኞች አመሻሹ ላይ እንደሚብስባቸው ነግሮን ነበር። ወደ ልጅነቷ ኦሮምኛ ተመልሳ «ዱከና፣ ዱከና» ትላለች፤ ጨለማ ማለቷ ነው። ያገኘችውን ማብሪያ ሁሉ ታበራለች። እኔ ከኋላዋ አጠፋለሁ፣ እሷ ከኋላዬ ታበራለች። አንድ ወር እንዲህ ተሯሯጥን። በመጨረሻ ወረቀት ይዤ አሰላሁ፦ አራት ባለ 60 ዋት ቢጫ አምፖል 12 ሰዓት ሲበራ በወር 86 ኪሎዋት ሰዓት፤ አራት ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ደግሞ 13። በማግስቱ የጅማው መርካቶ ወርጄ ኤልኢዲ ገዛሁ፤ ነጩ ብርሃን ስለሚያስደነግጣት ቢጫ ቀለሙን መርጬ። ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ይብራ አልኩ። ጸቡ ያን ዕለት አለቀ።

ክረምቱ ሌላ ጣጣ አመጣ። ሌሊት መሽናት ጀመረች፤ የጅማ ዝናብ ደግሞ አንሶላ አያደርቅም። እርጥብ አንሶላ በካውያ ስናደርቅ ከርመን የሐምሌን ቢል ሳይ ደነገጥኩ። አሁን ከአንሶላው ሥር ላስቲክ፣ በላዩ ወፍራም ፎጣ እናነጥፋለን፤ ሲረጥብ የሚታጠበው ፎጣው ብቻ ነው። ከመኝታ በፊትም ሽንት ቤት አደርሳታለሁ። ውሃ መከልከል ግን አይሆንም፤ አንድ ሰሞን ሞክረነው አፏ ደርቆ፣ ግራ መጋባቷም ብሶ ነበር።

እህቴ እንግሊዝ አገር የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ይህን ሳጫውታት የዚያን አገር ነገረችኝ፦ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ቤተሰቦች በብርዱ ወራት ከመብራት ሒሳባቸው 150 ፓውንድ ይቀነሳል፤ የመርሳት ሕመምተኛ በነፃ የሚመዘገብበት መዝገብ አለ፤ የታቀደ መብራት መጥፋት ካለ ቀድመው ያሳውቁታል፣ ቢሉንም እሱ የመረጠው ዘመድ እንዲቀበልለት ያደርጋሉ። ቅናሹን ከየት አመጣዋለሁ? የመጨረሻዋን ግን ወዲያው ሰረቅኋት። የእማዬን የውል ቁጥር ስልኬ ላይ መዝግቤ በየወሩ በቴሌብር መክፈል ጀመርኩ። ለእሷም ቢል ስከፍል አሮጌ ደረሰኝ እሰጣታለሁ፤ አጣጥፋ ቆርቆሮው ውስጥ ትከተዋለች። ክብሯ አልተነካም፣ መስመራችንም አልተቆረጠ።

የቀረው የተከራዮቹ ነገር ነበር። ሁለቱ ሰርቪስ ቤቶች ከእኛ ጋር በአንድ ቆጣሪ ናቸው፤ ቢሉን በሰው ቁጥር እንካፈለው ነበር። «ጋሼ፣ የእማማን ስቶቭ እኛ እስከ መቼ እንከፍላለን?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ለየክፍሉ ትንንሽ የውስጥ ቆጣሪ አስገባሁ። ወር ሲሞላ ስናነብ ሁላችንም ሳቅን፤ አንደኛዋ ተከራይ ለካ ለሻይ ቤት እንጀራ እየጋገረች ስትሸጥ ነበር። ሁሉም በእማዬ ሲሳበብ ከርሟል። አልተቀየምኳትም። ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል፣ እስኪግል ድረስም ዝም ብሎ ይበላል፤ ስለዚህ አሁን በአንድ ግለት የእሷንም የእኛንም ትጋግራለች፣ የእኛን ድርሻ እኔ እችላለሁ።

ያልቻልኩት ማቀዝቀዣውን ነው። ማታ ማታ ትከፍተውና ፊቱ ትቆማለች፤ አንዳንዴ አሥር ደቂቃ። ምንም አታወጣም። ቅዝቃዜው እየወጣ ሞተሩ ያጓራል። የምታየው የውስጡን መብራት መሆኑን ሳውቅ አምፖሉን ፈታሁት። በማግስቱ ማታ ከፍታ አየችው። እጇን አስገብታ መደርደሪያውን ዳበሰች፤ ዞር ብላም «ምነው፣ ሰዎቹ ሄዱ?» አለችኝ።

አምፖሉን መልሼ ገጠምኩት።