የግራ እጄ ነገር

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ በረንዳ ላይ ሆና «ቆራሌው!» ብላ ተጣራች። አሮጌ ድስት ልትሸጥ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ለካ ዓይኗን የጣለችው ብረቴ ላይ ነው።

ብረቴ ስል የጂም ብረት እንዳይመስላችሁ። ሁለት ትልልቅ የኒዶ ጣሳ፣ መሃል ላይ የውሃ ቧንቧ፣ ጣሳዎቹ ውስጥ ሲሚንቶ። በቃ። በ1994 ዓ.ም. ክረምት ከወንድሜ ጋር በእናታችን ግቢ የሠራነው ነው። አንዱን ጣሳ ሞልተን፣ ቧንቧውን መሃሉ ላይ አቁመን፣ እስኪደርቅ ሦስት ቀን ጠበቅን። ከዚያ ገልብጠን ሌላውን ሞላን። በዚህኛው ላይ በቀይ ቀለም ስሜን ጻፍኩበት። ስሜ ያለበት ጣሳ ሁልጊዜ በቀኜ ነው። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ልማድ ነው። ኮንዶሚኒየም ስንገባም አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሜ አወጣሁት። ታች ላሉት እትዬ ስል አሮጌ ፍራሽ አነጥፍለታለሁ።

ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ብረቱን ወደ ላይ ስገፋ ግራ እጄ ይዘገያል። ቀኙ ደርሶ ሲጠብቅ ግራው ገና መንገድ ላይ ነው። ልጅ ሆኜ ከዛፍ ወድቄ ስለነበር በዚያ አሳበብኩ። ውሃ በጠፋ ቁጥር ጄሪካኑን በግራ እጄ ብቻ አንጠልጥዬ ደረጃውን የምወጣው እሱን ላጠነክር ብዬ ነበር።

ቆራሌው ልጅ እግር ነው። ብረቱን አገላብጦ አየና ሳቀ። ቧንቧውን ልክ መሃሉ ላይ በገመድ አስሮ በእጅ ሚዛኑ አንጠለጠለው። ስሜ የሌለበት ጣሳ ቁልቁል ወረደ።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ጋድሏል» አለኝ።

«ገመዱን አስተካክለው» አልኩት። አስተካከለው። ያው ነው። አንዱን ጫፍ መሬት ላይ አስቀምጦ ሌላውን በሚዛኑ አነሳ። የግራው 12 ኪሎ። የቀኙ 9።

ሦስት ኪሎ! ከሃያ ዓመት በላይ ያ ምስኪን እጄን ስሰድበው ኖሬያለሁ።

ልጁ ግን ሌላ ሐሳብ ላይ ነው። «ሲሚንቶውን አልገዛም ጋሼ። ይስበሩትና ቧንቧውን ልውሰደው።» ባለቤቴ መዶሻ ልታመጣ ተነሳች። በስንት ልመና ተረፈልኝ።

ማታ ቨርጂኒያ ላለው ወንድሜ ደወልኩ። ሳቁ አላናግር አለው። «ለሁለተኛው ጣሳ አሸዋው አልቆብን፣ ከብሎኬት ሠሪዎቹ ፑሚስ ለምነህ ያመጣኸው አንተ አይደለህም እንዴ?» አዎ፣ እኔው ነኝ። ፑሚስ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ድንጋይ ነው። ብሎኬት ውስጥ የሚገባውም ክብደት እንዲቀንስ ነው። እኔ ክብደት ልሠራ ያመጣሁት!

እሱ አሁን ጋራዡ ውስጥ ትክክለኛ ብረት አለው። ባዶው ዘንግ ብቻ 20 ኪሎ ነው፤ ጫፉ ላይ በሚገቡት ክብ ብረቶች ላይም ኪሎው ተጽፏል። ቀናሁ። የቀናሁት ግን በብረቱ ማማር አይደለም፣ ትንሽ ትንሽ መጨመር በመቻሉ ነው። ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ቶማስ ዴሎርም የሚባል አሜሪካዊ የጦር ሐኪም በ1945 እ.ኤ.አ. የጻፈው ይህንኑ ነው፦ የተጎዱ ወታደሮች ጡንቻቸው የሚመለሰው በከባድ ክብደት፣ እሱም በየጊዜው እየተጨመረ ሲሠሩ ነው ብሎ። የእኔ ሲሚንቶ ደግሞ አንዴ ደርቋል። 21 ኪሎ ነበር፣ ዛሬም 21 ነው።

የሚያድገው ጄሪካኑ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ በሃይላንድ ፕላስቲክ እየለኩ መጨመር ነው። ሲጎድል ውስጡ ያለው ውሃ ይዋልላል፣ ሆድም ጀርባም አብሮ ይሠራል። እግር ለመሥራት 12 ሊትር አድርጌ ደረቴ ላይ አቅፌ ቁጭ ብድግ እላለሁ። አሥር ጊዜ ስሠራ እስቃለሁ፣ አሥራ አምስተኛው ላይ ሳቁ የለም። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ሊትር እጨምራለሁ። ለጀርባ የልጄን የትምህርት ቤት ቦርሳ በመጻሕፍት ሞልቼ ሞክሬ ነበር። ማንጠልጠያው ተበጠሰ። ስለሱ ባናወራ ይሻላል።

ዛሬ ጠዋት ፍራሼን አነጠፍኩና ብረቱን አዙሬ ያዝኩት፤ ስሜ በግራ፣ ከባዱ በቀኝ። ገፋሁ። ግራዬ ቀድሞ ደረሰና ቀኙን ይጠብቀው ጀመር።