የተበላሹ ሊንኮች፦ ከሪዳይሬክት በፊት ሎጉን
የ404 («ገጹ አልተገኘም» የሚለው መልስ) ቁጥር ሲበዛ ብዙ የድረ ገጽ አስተዳዳሪ ቶሎ ብሎ የሪዳይሬክት (ጎብኚውን ወደ ሌላ አድራሻ የሚመራ) ፕለጊን ይጭናል። መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን የሰርቨሩ ሎግ (የጉብኝቶች መዝገብ) ነው፤ በተለይ ጎብኚው ከየት ገጽ እንደመጣ የሚያሳየው ሪፈረር። የመጣው ከራስዎ ገጽ ከሆነ ስህተቱ ያለው ብዙውን ጊዜ ዳታቤዙ ውስጥ ነው፤ እዚያው ይታረም። ሪዳይሬክት ከውጭ ለሚመጣው ነው።

ከውስጥ በብዛት የሚገኘው «ኤችቲቲፒኤስ» የሚለው መነሻ የተረሳበት ሊንክ ነው። ብራውዘሩ የሌላ ድረ ገጽ አድራሻ መሆኑን ስለማያውቅ አሁን ካለበት አድራሻ ጋር ይቀጥለዋል። ከዎርድ የተገለበጠ ኮድም ጥምዝ ጥቅስ (“ ”) ይዞ ይመጣና ጥቅሱ የአድራሻው አካል ሆኖ ያርፋል። የባሰው በስላሽ የማይጀምር የሜኑ ሊንክ ነው፦ «ዜና/ስፖርት/» በተነካ ቁጥር «ዜና/ስፖርት/ዜና/ስፖርት/» እያለ ይረዝማል። ሲስተሙ ለዚህ 200 («ገጹ አለ» የሚለውን መልስ) የሚመልስ ከሆነ የፍለጋ ሮቦቶች መጨረሻ በሌለው ገጽ ውስጥ ይዞራሉ።

ዎርድፕረስ ላይ በጅምላ ሲያርሙ በቀጥታ በኤስኪውኤል (በዳታቤዝ ትእዛዝ) አይተኩ። አንዳንድ ቅንብሮች ከጽሑፉ ጋር ርዝመቱንም ስለሚያስቀምጡ፣ ርዝመቱ ሲለወጥ ቅንብሩ አይነበብም። ባክአፕ ይዘው የደብሊውፒ-ሲኤልአይን (ዎርድፕረስን በጽሑፍ ትእዛዝ ማስተዳደሪያ መሣሪያ) የመፈለጊያና መተኪያ ትእዛዝ ይጠቀሙ፤ በቅድሚያ ምንም ሳይለውጥ ውጤቱን ብቻ እንዲያሳይ አድርገው።

%20 (የባዶ ቦታ ኮድ) መሆን የነበረበት %2520 ሆኖ ከታየ አድራሻው ሁለት ጊዜ ኢንኮድ ተደርጓል (ወደ % ኮድ ተለውጧል)። አፓቼ የተባለው የሰርቨር ሶፍትዌር ላይ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው የሪዳይሬክት ደንቡ ነው፤ «ኤንኢ» የሚባለው ምልክት ሲጨመርበት ይስተካከላል።

በአማርኛ ርዕስ የሚወጣ ገጽ ሌላ ጣጣ አለው። አንድ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አመዘጋገብ 3 ባይት ስለሚይዝ ኢንኮድ ሲደረግ 9 ምልክት ይሆናል። ዎርድፕረስ ለስለግ (በአድራሻው ውስጥ ለሚገባው የገጹ ስም) የሚሰጠው ቦታ 200 ምልክት ነው፤ ከ22 ፊደል ገደማ በኋላ ያለው ይቆረጣል። ስለጉን በእጅ ማሳጠር ይሻላል (ርዕሱ ሙሉውን ይቆይ)።

ከውጭ የሚመጣው በአብዛኛው መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ፣ ቅንፍ ወይም ኮማ የተጣበቀበት ነው። ትርፉን ምልክት አውልቆ በአንድ 301 (ቋሚ ሪዳይሬክት) ወደ ትክክለኛው ገጽ የሚወስድ አንድ ደንብ ይበቃል። ከወለቀም በኋላ ገጹ ከሌለ 404 ይመለስ። ሁሉንም ወደ መነሻ ገጽ መወርወር ጎብኚውን ከማደናገር ሌላ ጥቅም የለውም፤ ጉግልም እንዲህ ያለውን እንደ 404 ነው የሚቆጥረው። ዎርድፕረስ ያላገኘውን አድራሻ በግምት ወደ ሌላ ገጽ መውሰዱም ያው ነው፦ በስለግ አጀማመር ብቻ ተመርቶ የማይገናኝ ገጽ ሊከፍት ይችላል። ከስሪት 5.5 ጀምሮ ይህን ግምት ፊልተር በሚባል ትንሽ ኮድ መዝጋት ይቻላል።