አባቴ ፍሪሲዮን መርገጥ ስለማይችል ካምቢዮውን ግቢያችን ውስጥ ቀየርነው

መጀመሪያ የከዳን የኋላ ማርሽ ነው። ጠዋት ከግቢ ለመውጣት አስገብቼ ፍሬን እለቃለሁ፤ መኪናዋ ዝም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስቆጥር ድንገት ገፍትራ ትይዛለች። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ከሁለት ወደ ሦስት ስትቀይር ሞተሩ ብቻውን ይጮህ ጀመር፤ ፍጥነት የለም። የካምቢዮውን (ማርሽ የሚቀይረውን ክፍል) ዘይት መለኪያ መዝዤ ሳየው፣ ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት እንደ ቡና አተላ ጠቁሯል። ሽታውም የተቃጠለ ነው።

መኪናዋ በፈረንጆቹ 1998 የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ። ደብረ ማርቆስ ያማከርኳቸው ሰዎች በሙሉ ማለት ይቻላል "ሸጠህ ማንዋል ግዛ" አሉኝ። ለሌላ ሰው ጥሩ ምክር ሊሆን ይችላል። የኔ አባት ግን ግራ ጉልበቱን ከታመመ ወዲህ ፍሪሲዮን፣ ማለትም ማንዋል ላይ ማርሽ ሲቀየር በግራ እግር የሚረገጠውን ፔዳል፣ መርገጥ አይችልም። ደምበጫ ዘመድ ሊጠይቅ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም ማንንም ሳይለምን የሚሄደው መኪናዋ አውቶማቲክ ስለሆነች ብቻ ነው። ስለዚህ መሸጥ የሚባለው ነገር ቤታችን ውስጥ አልተነሳም።

"አውቶማቲክ ለኛ አገር መንገድ አይሆንም" የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ አልስማማም። አውቶማቲክ ካምቢዮን የሚገድለው ሙቀት ነው፤ የኛን መኪና ያሞቅናት ደግሞ እኛው ነን። ከአዲስ አበባ ስንመለስ አምስት ሰው ከነሻንጣው ጭነን፣ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርደን ዓባይን ተሻግረን፣ ደጀን እስክንደርስ ያለውን አቀበት ከከባድ መኪና ኋላ ኋላ እየተንፏቀቅን ስንወጣ ማርሽ መምረጫው ላይ ያለችውን፣ አራተኛ ማርሽ እንዳይገባ የምታደርገውን የኦቨር ድራይቭ ማጥፊያ አልነካኋትም። ካምቢዮው ከሦስት ወደ አራት፣ ከአራት ወደ ሦስት ሲዋልል ዋለ። እያንዳንዱ መዋለል ሙቀት ነው። ዘይቱ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ዘይቱ ሲቀጥን ካምቢዮው ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የፍሪሲዮን ሸክላዎች ይንሸራተታሉ፣ ሲንሸራተቱ ደግሞ ይብስ ይሞቃል። ያችን ማጥፊያ ተጭኜ ቢሆን ሦስት ላይ ተረጋግታ ትወጣ ነበር። መኪናዋን ከገዛናት ጀምሮ ዘይቱን ቀይረን አለማወቃችንም አለ።

ካምቢዮው ፈርሶ ይጠገን እንዳይባል፣ የታችኛውን የዘይት ገንዳ ስንከፍት ጥቁር ጭቃና የብረት ስባሪ አገኘን። ማግኔቱ ላይ ደቃቅ ግራጫ ዱቄት ቢኖር ችግር የለውም፤ የተለመደ ነው። ስባሪ ካየህ ግን አትድከም።

ያገለገለ ካምቢዮ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተገኘ። ከመግዛቴ በፊት ሞተር ክፍሉ ውስጥ ካለችው የብረት ሰሌዳ ላይ የካምቢዮውን መለያ ቁጥር ጽፌ ሄድኩ፤ ሻጩ "ያው ነው፣ ይገጥማል" ሲል ቁጥሩንም የሽቦ ሶኬቱንም ከያዝኩት ፎቶ ጋር አንድ በአንድ አስተያየሁ። ዘይቱን በጣቴ ነክቼ አሸተትኩ። ቀይ ነው፣ አልተቃጠለም። ጤፍ አራግፎ ወደ ጎጃም በሚመለስ አይሱዙ ተጭኖ መጣልን።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። እኔ፣ ታናሽ ወንድሜና ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አዛውንት መካኒክ ነበርን። እሳቸው ዕድሜያቸውን የጭነት መኪና ማንዋል ካምቢዮ ሲያወርዱ የኖሩ ናቸው፤ አውቶማቲክ ግን አውርደው አያውቁም። "አንተ ልጅ፣ ቡሎን ያው ቡሎን ነው፤ አንተ የጻፍከውን ታነባለህ፣ እኔ እፈታለሁ" አሉኝ። እንደዚያው አደረግን። ባትሪ ተነቀለ፣ ዘይት ፈሰሰ፣ ሞቶሪኖው (ሞተር ማስነሻው) ወጣ፣ ከካምቢዮው ወደ ጎማ የሚሄዱት ሁለቱም ዘንጎች፣ ሴሚያሴዎቹ፣ ተመዘዙ። ሞተሩ እንዳይወድቅ ከላይ ወፍራም የባህር ዛፍ ግንድ አጋድመን በሰንሰለት አንጠለጠልነው። መኪናዋን በክሪክ ብቻ አላቆምናትም። የብረት ማቆሚያ ከሥሯ ገባ፣ የፈታናቸውን ጎማዎች ደግሞ ለጥንቃቄ ከጎን አስተኛናቸው። ክሪክ ብቻ አምኖ ከመኪና ሥር የሚገባ ሰው ሳይ እስካሁን ልቤ ይርዳል።

አሁን ዋናው ነገር። አውቶማቲክ ላይ ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘው ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል ዘይት የሞላበት ክብ ዕቃ ነው። ካምቢዮውን ከማውረድህ በፊት ኮንቨርተሩን ከሞተሩ ጋር የያዙትን ስድስት ቡሎኖች በታችኛው ቀዳዳ በኩል፣ ሞተሩን በቡሎን መፍቻ በእጅ እያዞርክ፣ አንድ በአንድ ትፈታለህ። ይኼ ቀላሉ ነው። ከባዱ መልሶ መግጠሙ ነው። ኮንቨርተሩ ካምቢዮው ውስጥ ሦስት ቦታ መግባት አለበት፤ መጀመሪያ ዋናው ዘንግ ላይ፣ ከዚያ በዙሪያው ባለው ቋሚ ቱቦ ላይ፣ በመጨረሻ የዘይት ፖምፓው ጥርስ ላይ። እያሽከረከርክ ስትገፋው "ቋ" ይላል። ገባ ትላለህ፤ አልገባም። ሁለተኛውም ላይ አልገባም። ሦስተኛውን ስትሰማ ነው የገባው።

እኛ ሁለቱን ሰምተን ካምቢዮውን አነሳን። ከሞተሩ ጋር ስናስጠጋው የአንድ ጣት ያህል ክፍተት ቀረ። ወንድሜ "ቡሎኖቹን እናጥብቅ፣ ራሱ ይሳባል" አለ። ሽማግሌው እጁን ያዙት። "ቡሎን ማሰሪያ እንጂ መሳቢያ አይደለም። በእጅ ካልገጠመ የሆነ ነገር ተሳስቷል፤ አውርዱት።" ማንም ማውረድ አልፈለገም፤ ጀርባችን ተቆርጧል፣ ደመናውም ከጮቄ ተራራ በኩል እየጠቆረ ነበር። አወረድነው። ኮንቨርተሩን ቀስ ብዬ ሳዞረው ሦስተኛው "ቋ" ተሰማ፤ የቀረችው ያቺው ጣት የምታህል ነገር ወደ ውስጥ ገባች። በቡሎን አስገድደን ስበነው ቢሆን ኖሮ ገና ሞተር ሳናስነሳ የዘይት ፖምፓው ይሰበር ነበር። እሳቸው አውቶማቲክ አያውቁም፤ ብረት ግን ያውቃሉ።

ሌላው ብዙ ሰው የሚዘለው የራዲያተሩ ጉዳይ ነው። የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ነው፤ የድሮው ካምቢዮ ስባሪና ጭቃ እዚያ ውስጥ ይቀራል። ሳታጥበው አዲሱን ካገናኘህ ቆሻሻው በቀጥታ ወደ አዲሱ ይሄዳል። ራዲያተሩን ፈትቼ ጎሚስታ ቤት ወሰድኩት፤ በነጭ ጋዝ አጥበን በአየር ስንነፋው የወጣውን ጥቁር ነገር ብታዩ! በመጨረሻ ትንሽ አዲስ የካምቢዮ ዘይት አሳለፍንበት። ሁሉም ነገር ተፈቶ ሳለ የሴሚያሴዎቹንና የፖምፓውን የዘይት ማገጃ ጎማዎች ቀየርን። ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ በኋላ ቢያፈሱ ግን ይኼ ሁሉ ሥራ እንደገና ነው።

የሞላሁት ዴክስሮን 3 የሚባለውን የካምቢዮ ዘይት ነው፤ ለዚህች ካምቢዮ የሚሆነው እሱ ነው። በአንዴ አልሞላሁም። ሞተሩን አስነስቼ፣ ፍሬን ረግጬ፣ ማርሹን ከላይ እስከ ታች በየቦታው ጥቂት ሰከንድ እያቆየሁ እንደገና ለካሁ፣ ጨመርኩ፣ ለካሁ። ከሞቀች በኋላ ሞተሩ እየሠራ ሲለካ ዘይቱ "ሆት" ከሚለው ምልክት መሀል መድረስ አለበት። ኮንቨርተሩ ውስጥ የሻጩ አሮጌ ዘይት ስለሚቀር፣ እስከ አማኑኤል ከተማ ደርሼ ስመለስ አፍስሼ ደግሜ ሞላሁ።

በማግሥቱ አባቴ ነጠላውን አደግድጎ መጣ። "ተሠራች?" አለኝ። ቁልፉን ሰጠሁት። እናቴ በሩን ከፈተች፣ ሽማግሌው መካኒክም የጠላ ብርጭቆ እንደያዙ አጥሩ ጋ ቆሙ። አባቴ የኋላ ማርሽ አስገባ፣ እግሩን ከፍሬኑ ላይ አነሳ። እኔ በልቤ መቁጠር ልጀምር ስል፣ ኮሮላዋ አንድ ሳልል በሩን አልፋ ወጥታ ነበር።