ከ400ዎቹ ጋር ስለሞተው ፍርድ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

በሉቃስ ወንጌል የልደቱ ታሪክ የሚጀምረው በሮም ንጉሥ ትእዛዝ ነው። አውግስጦስ ቄሣር ዓለሙ ሁሉ ይጻፍ አለ፤ ዮሴፍና ማርያምም ወደ ቤተልሔም ወጡ። በማቴዎስ ደግሞ ሕፃን ተወለደ ሲባል የደነገጠው ሄሮድስ አለ። ስለ ሕግና ስለ ፍርሃት የማስበው በገና ሰሞን ለዚህ ነው። ዘንድሮ ከሮማውያን አንድ ታሪክ ላካፍላችሁ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ61 ዓ.ም. ጴዳንዮስ ሴኩንዱስ የሚባል የሮም ከተማ ሹም በገዛ ባሪያው ተገደለ። ታሪኩን ያቆየልን ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ታኪቱስ ነው። ጴዳንዮስ ነፃ ሊያወጣው በዋጋ ከተስማማ በኋላ ስለካደው ነው፣ ወይም በፍቅር ቅናት ነው ይላል። የሮም ደንብ ጨካኝ ነበር። ጌታ በባሪያው ከተገደለ፣ በዚያ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ባሪያዎች በሙሉ ይሞታሉ። በጴዳንዮስ ቤት 400 ነበሩ።

ሕዝቡ ይህ አይሆንም ብሎ ወጣ። ነገሩ የሮም ሸንጎ ዘንድ፣ ሴኔት ደረሰ። እዚያ ጋይዮስ ካሲዮስ የሚባል ዝነኛ የሕግ ሊቅ ተነሣና እነዚህን ሰዎች ከፍርሃት በቀር የሚገታቸው የለም አለ። ንጹሐን እንደሚሞቱም አልካደም። ትልቅ መቀጣጫ ግፍ አያጣውም፣ ጥቅሙ ግን ለሁሉ ነው ሲል ተከራከረ። እኔን የሚያስደነግጠኝ ይሄ ነው። ሕግ የማያውቅ ሰው ቢሆን እኮ ባልገረመኝ! ግፍ መሆኑን እያወቀ፣ አውቆም እየተናገረ ፈረደባቸው። ያዘኑ ሴናተሮች አጉረመረሙ እንጂ አንድም ተነሥቶ የሞገተው የለም። ሕዝቡ ድንጋይና ችቦ ይዞ ቢመጣም ንጉሡ ኔሮ በመንገዱ ዳርና ዳር ወታደር አሰለፈ። 400ውም ተገደሉ።

ደንቡ የቆመው ጌቶችን ሊጠብቅ ነበር። ጴዳንዮስን ግን አላዳነውም። የፈራ ሰው አንገቱን ይደፋል፤ ልቡ ግን የት እንዳለ ማን ያውቃል?

ያን ጊዜ የኔሮ አማካሪ የነበረው ፈላስፋው ሴኔካ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለወዳጁ ለሉኪልዮስ ደብዳቤ ጻፈ። የባሪያህ ብዛት የጠላትህ ብዛት ነው የሚል ተረት በሮም ነበር። ሴኔካ ይህን አልተቀበለም፤ ጠላት ሆነው አልመጡብንም፣ ጠላት የምናደርጋቸው እኛ ነን አለ። ባሪያዎች ናቸው ለሚለውም መልሱ አጭር ነው፤ ሰዎች ናቸው። ሴኔካ ራሱ ባለጸጋ ነበር፣ ባርነት ይቅርም አላለም። ይህም ሆኖ ቃሉ እውነት ነው።

ደብዳቤው ሉኪልዮስን የሚያመሰግነው ከቤቱ ሰዎች ጋር እንደ ቤተሰብ ስለሚኖር ነው። ዛሬ ጾሙ ተፈትቶ ዶሮው ሲቀርብ፣ ወጡን የሠራችውን ልጅ ማዕድ ላይ ጥሯት። በቤይሩት፣ በሪያድ፣ በዱባይ በሰው ቤት በሥራ ላይ ገናን የምታሳልፉ እህቶቼ፣ ለእናንተ ልዩ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

መልካም የገና በዓል!