የእማዬ ቀኝ እጅ

እማዬን ስትሮክ ከመታት ወዲህ ቀኝ እጇ አልታዘዝ ብሏታል። ፊዚዮቴራፒስቷ እንቅስቃሴውን በደንብ አሳይታናለች። ጣት መዘርጋት፣ ጡጫ መጨበጥ፣ ስኒ ማንሳት። ግን ከአዘዞ በየቀኑ እየተመላለሱ መሥራት አይቻልም፤ ዋናው ሥራ ያለው ቤት ነው። ቤት ደግሞ እማዬ ጥርሷን ነክሳ ትሞክርና ጣቷ ንቅንቅ አይልም። «ተዪኝ ልጄ፣ በድኗል ይሄ እጅ» ትላለች።

ትናንት ማታ በአእምሮ ስለሚታዘዝ ጌም ሳነብ አመሸሁ። ኤሌክትሮድ፣ ማለትም የአእምሮን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያነሳ ትንሽ መሣሪያ፣ ያለው ቆብ ራስ ላይ ይጠለቃል። ሰው እጁን ለማንቀሳቀስ ሲያስብ፣ እንቅስቃሴን በሚያዘው የአእምሮ ክፍል ላይ በሴኮንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ የሚመላለሰው ሞገድ ይዳከማል። ኮምፒዩተሩ ይህንን ያነብና ስክሪኑ ላይ ያለው እጅ ኳሷን ይይዛል። የሰውየው እጅ ግን ከቦታው አልተነሳም!

ቤት ወስደው የሚሠሩበት መሣሪያም አለ። አይፕሲሃንድ ይባላል፤ አሜሪካ ውስጥ በ2021 እ.ኤ.አ. ለስትሮክ ታማሚዎች ተፈቅዷል። እሱ እንኳ ጌም አይደለም። ካልተጎዳው የአእምሮ ጎን ምልክት ይወስድና እጅ ላይ የታሰረው መሣሪያ ጣቶቹን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

ይህን ሳነብ እማዬ ለምን ተስፋ እንደምትቆርጥ ገባኝ። ያን ያህል ትደክማለች፣ ምላሽ የሚሰጣት ግን የለም። እኔም የማየው ያልተንቀሳቀሰውን ጣት ነው። ጌሙ የሚያየው ሙከራውን ነው። አእምሮ አዲስ መንገድ የሚያበጀው ደግሞ ሙከራውና ውጤቱ ሲገናኙ፣ እሱም ደጋግሞ ሲሆን ነው። እንዲህ ያለ ነገር ጎንደር ቢገባ፣ አንዱን ቆብ ብዙ ቤት ቢዋዋሰው፣ ስንት ሰው በተጠቀመ!

እስከዚያው የመስታወት ሕክምና የሚባለውን ሞከርን። የግድግዳውን መስታወት አውርጄ ጠረጴዛው ላይ በጎኑ አቆምኩት። ቀኝ እጇ ከጀርባው ተደበቀ። ግራዋን ስትዘረጋ መስታወቱ ውስጥ የተዘረጋው ቀኟ መሰለ። እማዬ ክው አለች። «እንዴ! ይሄማ የኔው ነው» አለችና ጣቶቿን አንድ በአንድ ታጥፍ ጀመር፣ ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ። ቡናው እስኪፈላ አላቆመችም።

ለቀጠሮ ስንሄድ ፊዚዮቴራፒስቷን የምጠይቃት አለኝ። በቀን ምን ያህል ደቂቃ ይበቃል? መስታወቱን እያየች ቀኟንም አብራ ለማንቀሳቀስ ትሞክር ወይስ ታሳርፈው? እማዬም የራሷን ጥያቄ አስይዛኛለች፦ እንዝርት ይዛ ብትሞክርስ?